ሾርባውን ማን ቀመሰው?

ዘጠኝ ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ ደምበጫ ላይ ከእኔ የበለጠ ተፈላጊ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር። በረመዳን ወር፣ ፀሐይዋ ዘንበል ማለት ስትጀምር፣ እናቴ ከማድቤት ብቅ ብላ "ሳጂዳ! ነይ ቅመሺ!" ብላ ትጣራለች። እኔም የያዝኩትን ጨዋታ ትቼ፣ እጄን በቀሚሴ ጠርጌ፣ እንደ ዳኛ ቀስ ብዬ እገባለሁ። መሮጥ ለቀማሽ የሚመጥን አይመስለኝም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጾመኛ ሴት ምግብ ስትሠራ ጨውን አትቀምስም። በምላስ ጫፍ ነክቶ መትፋት ይቻላል የሚሉ አሉ፤ እኛ ቤት ግን አልተለመደም። ስለዚህ ያልጾመ አፍ ያስፈልጋል፣ ያልጾመ አፍ ያለው ደግሞ ልጅ ብቻ ነው። የሰፈራችን ሙስሊም ቤቶች ሁሉ አንድ አንድ ቀማሽ ነበራቸው። እኔ ግን ከሁሉም እበልጣለሁ ብዬ አምን ነበር፤ ሌሎቹ "ጨው ያንሳል" ብለው ሲወጡ፣ እኔ "ቁንዶ በርበሬው ትንሽ ቀደም ቀደም ብሏል" የምል ልጅ ነበርኩ።

የምቀምሰው ዋናውን ራት አልነበረም። ራቱ ከመግሪብ ሰላት በኋላ ይቀርባል፤ ጨው ቢያንሰው ጨምረውበት ይበሉታል። ጭንቁ ያለው ከራቱ በፊት በምትቀርበው ትንሽ ገበታ ላይ ነው፦ ሦስት ሦስት ፍሬ ተምር፣ በስኒ የሚጠጣ የአጃ ሾርባ፣ ትኩስ የምስር ሳምቡሳ፣ በብርጭቆ የማር ብርዝ። ቀኑን ሙሉ የደረቀ አፍ መጀመሪያ የሚያገኘው ይህንን ነው። አባቴ ጀማለዲን በገበያው መግቢያ የጨርቅ ሱቅ ነበረው፤ ቆሞ ይውልና ለአዛን አምስት ደቂቃ ሲቀር ይገባል። ሾርባው ከተበላሸ አይቆጣም፣ ያኮርፋል፤ ኩርፊያው ደግሞ ከቁጣ ይረዝማል።

በዚያ ዓመት ረመዳንና ሁዳዴ አብረው ገብተው ነበር። ዘንድሮም እንዲሁ ሆኗል። ሁለቱ ጾሞች ተለያይተው እንደገና እስኪገናኙ ሠላሳ ምናምን ዓመት ይፈጅባቸዋል፤ እኔም በመሐሉ አድጌ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ መድኃኒት ቤት ከፍቼ፣ የሁለት ልጆች እናት ሆኛለሁ። ያኔ ግን ሁለቱ ጾሞች ሁልጊዜ አብረው የሚሄዱ ይመስለኝ ነበር፤ ምክንያቱም አጥር የምትጋራን ወለተ ኪዳን ሁዳዴን ትጾም ነበርና። ወለተ ኪዳን ወፍጮ ቤት ነው የምትሠራው፤ ቅንድቧ ላይ ዱቄት የማይጠፋ፣ ስትስቅ ከመንገድ የምትሰማ ሴት ናት። በየማታው ሁለት ሳምቡሳ ሳህን ላይ አድርጌ፣ በጨርቅ ሸፍኜ እወስድላታለሁ። ምስሩ ቅቤ ስለማይነካው ለእሷም የጾም ይሆናል።

ረመዳን በገባ በአራተኛው ቀን የአባቴ ታላቅ እህት አክስቴ ሰልማ ከጉንደ ወይን መጣች። ባሏ የሞተባት፣ ልጅ ያልወለደች፣ ረጅምና ደረቅ ሴት ነበረች። ስትስቅ አይቻት አላውቅም፤ እኔን ስትስመኝም ጉንጬን ሳይሆን አየሩን ነው የምትስመው። እናቴ "እርስዎ" ትላታለች። ከመጣች ጀምሮ እናቴ በራሷ ማድቤት ውስጥ እንደ እንግዳ ጥግ ጥጉን ትሄድ ነበር።

በመጣች በማግስቱ ከአባቴ ጋር ስታወራ ሰማሁ። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ የቤት ሥራ እየሠራሁ ነበር፤ ልጅ የቤት ሥራ ሲሠራ ጆሮ የሌለው ይመስላቸዋል።

"ጀማል፣ ቤት በአንዲት ሴት ልጅ አይቆምም" አለችው። "የጉንደ ወይኗ ልጅ ጤነኛ ናት። እጇ ሥራ ያውቃል፣ አፏም ቁጥብ ነው። ቤተሰቦቿን አነጋግሬያቸዋለሁ። ከኢድ በኋላ ትምጣ።"

"ዘኪያስ?" አለ አባቴ፣ የእናቴን ስም ጠርቶ።

"ዘኪያ ምን ትሆናለች? ትለምደዋለች። እኔስ ለምጄው የለ?"

አባቴ እሺም እምቢም አላለም፤ "እስኪ እናያለን" ብሎ ጫማውን ፈለገ። እኔ ደግሞ በደስታ ልሞት ደረስኩ። ጤነኛ የሆነች፣ ሥራ የምታውቅ፣ ብዙ የማታወራ ልጅ ከጉንደ ወይን ልትመጣ ነው! ሠራተኛ ሊቀጥሩልን ነው! በረመዳን ቅባት የነካውን ሳህን ሁሉ የማጥበው እኔ ስለነበርኩ፣ ከዚህ የበለጠ የምሥራች ልሰማ አልችልም ነበር። እየበረርኩ ማድቤት ገባሁ።

"እማ! የጉንደ ወይኗ ልጅ ልትመጣልን ነው! ከኢድ በኋላ!"

እናቴ ሳምቡሳ እየጠቀለለች ነበር። "ማን አለሽ?"

"አክስቴ ለአባዬ ስትነግረው። እጇ ሥራ ያውቃል አለች። እማ፣ ደስ አይልም?"

እናቴ የያዘችው ሳምቡሳ ጫፉ ተከፈተባት። ጣቷን በእርጥብ ዱቄት ነክራ መልሳ ዘጋችው፣ እንደገናም ተከፈተ። "ደስ ይላል" አለችኝ።

ይህን ሳስታውስ እስካሁን ፊቴ ይግላል። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ የእኔ አፍ ያኔ ያመለጠው በእናቴ ላይ ነበር። አክስቴ ልታመጣ ያሰበችው ሠራተኛ ሳይሆን ለአባቴ ሁለተኛ ሚስት ነበረች። እናቴ ከእኔ በኋላ ሦስት ጊዜ አርግዛ ሦስቱም አልቆዩላትም። ወንድ ልጅ የሚባለው ነገር በቤታችን ጣሪያ ስር እንደ ጭስ ይዞር ነበር፤ እኔ ብቻ ነኝ ያልሸተተኝ። ከዚያ ቀን በኋላ "የጉንደ ወይኗ መቼ ነው የምትመጣው? የት ነው የምትተኛው?" እያልኩ በየቀኑ እናቴን እጠይቃት ነበር። እሷም አንድ ቀን እንኳ ዝም በይ አላለችኝም።

በዘጠነኛው ቀን ለመጾም ወሰንኩ። የወሰንኩት በመንፈሳዊነት አይደለም። የክፍል ጓደኛዬ ማርቲ "እኔ እስከ ስድስት ሰዓት እጾማለሁ፤ አንቺ ግን ከሰዓት በኋላ ማንኪያ ስትልሺ ነው የምትውይ" ብላ ልጆች ፊት አዋርዳኝ ነው። እናቴን ፈቃድ ብጠይቃት "አንቺ ከጾምሽ ማን ይቀምሳል?" አለችኝ። ስለዚህ በድብቅ ጀመርኩት። የቁርሴን ዳቦ ለዶሮ ሰጠሁ፣ ውኃውን አፌ ውስጥ አንገላትቼ ተፋሁት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጥቁር ሰሌዳው ሁለት ሆኖ ይታየኝ ነበር፤ ግን አልተሸነፍኩም።

ከዚያ ያ ጥሪ መጣ። "ሳጂዳ! ነይ ቅመሺ!"

እናቴ ሾርባውን በማንኪያ እፍ ብላ አቀረበችልኝ። ማንኪያውን ከንፈሬ ላይ አስጠጋሁት፣ ከንፈሬን ግጥም አድርጌ ዘጋሁት፣ ምላሴንም ጧ አደረግሁ። "ልክ ነው" አልኩ።

"ልክ ነው?"

"ልክ ነው።"

"የሳምቡሳው ምስርስ?"

በዚያኛውም ማንኪያ ያንኑ አደረግሁ። "እሱም ልክ ነው።" እናቴ ከወትሮው ትንሽ ረዘም አድርጋ አየችኝና "በይ ሂጂ፣ ከጓሮ እንጨት አምጪልኝ" አለችኝ። እንጨቱን ሳልመርጥ እርጥቡንም ደረቁንም ለቀምኩ። ሾርባው ጨው የሚባል ነገር ባይገባበትስ? ሁለት ጊዜ ተጨምሮበትስ ቢሆን? የአባቴን ኩርፊያ አሰብኩና ጾሜን የጀመርኩበትን ሰዓት ረገምኩ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኸው ነው።

አዛን ሲል እንደ ጾመኛ ሁሉ በስውር "ቢስሚላህ" ብዬ ተምሬን ጎረስኩና አባቴን በዓይኔ ተከተልኩት። ስኒውን አነሳ። ጠጣ። ዓይኑን ጨፈነ። "ማሻአላህ" አለ፤ "ዘኪያ፣ የዛሬው ደግሞ ከሁሉም ልክ ነው።" ሳምቡሳውም ልክ ነበር። እኔ ሳልቀምሰው፣ ማንም ሳይቀምሰው፣ ልክ ሆነ!

ለዚህ አንድ ማብራሪያ ብቻ ነበረኝ። አላህ ጾሜን ተቀብሎ፣ ውሸቴንም ይቅር ብሎ፣ ጨዉን የሚያስተካክል መልአክ ማድቤታችን ልኮልን ነበር።

እንዲህ ያለ ነገር በሆድ አይያዝም። በማግስቱ ቅዳሜ ነበር፤ አክስቴ ግቢ ውስጥ ተቀምጣ በሰፌድ ምስር ትለቅማለች። ብፈራትም ሰላት የማታዛንፍ ሴት ስለነበረች፣ ተአምር የሚገባው ለእሷ ነው ብዬ ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳት፤ የማርቲን ስድብ፣ የዶሮውን ዳቦ፣ የተዘጋ ከንፈሬን፣ መልአኩን።

አክስቴ እጇ ምስሩ ውስጥ ቆመ። "አልቀመስሽውም?"

"ወላሂ አልቀመስኩም።"

"እኔም አልቀመስኩም" አለች ለራሷ። ከዚያ ወደ ማድቤቱ በር አየች። "እናትሽ ዛሬ ንጋት ላይ ሱብሒ ሰግዳለች?"

"አዎ፣ ከእኔ ጋር። ትናንትናም፣ ከትናንት በስቲያም።"

ሰፌዱን ከጭኗ አውርዳ መሬት ላይ አስቀመጠች። ወደ ራሷ ጠጋ አድርጋኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ጉንጬን ራሱን ሳመችኝ። "እውነትሽን ነው፣ ተአምር ነው። ተአምር ግን ካወሩት ይሄዳል። ለአባትሽም፣ ለእናትሽም፣ ለማንም እንዳትናገሪ።"

መልአክ አልነበረም። እናቴ የተሰነጠቀ ከንፈሬን አይታ መጾሜንም መዋሸቴንም አውቃለች፤ ለእንጨት ልካኝ ሾርባውን ራሷ ቀመሰችው። የቀመሰችውም ስላልጾመች ነው። አክስቴ ይህን ምስር እየለቀመች በአንድ ጊዜ ደረሰችበት። በወር አበባ ላይ ያለች ሴት አትጾምም፣ አትሰግድምም። እናቴ ግን ትሰግዳለች፣ ደግሞም አልታመመችም። እየሰገደች የማትጾም ጤነኛ ሴት ወይ ታጠባለች ወይ አርግዛለች። እናቴ አራተኛውን እርግዝናዋን ለአባቴ እንኳ አልነገረችውም ነበር፤ ፊተኞቹን "እንኳን ደስ ያለሽ" ከተባለች በኋላ ስላጣቻቸው፣ ይህኛውን ሆዷ ራሱ እስኪያወራ ድረስ በዝምታ ልታቆየው ፈልጋ ነው። ቀን ቀን ወለተ ኪዳን ቤት ነበር የምትበላው። ያቺ ሴት ራሷ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል በአፏ ሳይዞር ለጎረቤቷ ምሳ ታቀርብ ነበር። እኔን "ነይ ቅመሺ" እያለች መጥራቷም ለሰው ጆሮ ነበር። ያን ያህል የኮራሁበት ሥራዬ በዚያ ዓመት ለይምሰል እንደነበረ ሳስበው፣ በዚህ ዕድሜዬ እንኳ ትንሽ ቅር ይለኛል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አክስቴ ማድቤቱን ወረረችው። እናቴ እንስራ ስታነሳ "ተይው!" እያለች ትነጥቃታለች። ሊጡን እሷ ታቦካለች፣ ዘይቱን እሷ ታግላለች። "አንቺ ተቀመጪና ጠቅልይ" ትላታለች። እናቴ ግራ ገብቷት "እትዬ፣ እርስዎ እንግዳ ነዎት፣ ይረፉ እንጂ" ብትልም የሚሰማት የለም። ተንከባካቢነቷን እኔ እንዴት ልወቀው? ለእኔ የታየኝ አንድ ነገር ነው፦ ይህች ደረቅ ሴት እናቴን ከገዛ ማድቤቷ እያስወጣቻት ነው። ጠላኋት።

የበቀል መሣሪያዬም በእጄ ነበር። አሁን "ነይ ቅመሺ" የምትለኝ አክስቴ ናት፤ መጾሙንም ከዚያች ቀን በኋላ ትቼው ነበር። አንድ ቀን ሾርባውን ቀምሼ፣ ልክ መሆኑን እያወቅሁ "ያንሳል" አልኳት። ጨመረች። "አሁንም ያንሳል።" ጨመረች። "ትንሽ ይቀረዋል።" ማታ አባቴ አንዴ ፉት ብሎ ዓይኑ ፈጠጠ።

"ሰልማ፣ ውኃውን ከባሕር ነው እንዴ የቀዳሽው?"

አክስቴ ስኒውን ቀምሳ አስቀመጠች። ከዚያ እኔን አየችኝ፤ ገብቷታል። አሁን ልታጋልጠኝ ነው ብዬ ወደ በሩ ፈቀቅ አልኩ። "እጄ ከብዶ ነው፣ ይቅርታ" አለችና የራሷን ስኒ እስከ አተላው ጠጣችው።

በሃያ አንደኛው ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ማድቤቱ ውስጥ ማንም አልነበረም። ሊጡ በጨርቅ እንደተሸፈነ ደርቆ ጫፉ ተሰነጣጥቋል፣ ምድጃው ቀዝቅዟል። የጓዳው በር ተዘግቶ ከውስጥ የወለተ ኪዳን ድምፅ ይሰማል፤ "በማርያም በርቺ፣ አለሁ፣ እጄን ያዢ" ትላለች። አክስቴ ልብስ ጠቅልላ ወጣችና በሩ ላይ ስታየኝ ደነገጠች።

"እናትሽን ምች መትቷት ነው። ትተኛ። ወለተ ኪዳን ቤት ሂጂና ዶሮዎቹን ጠብቂ።"

ዶሮዎቹ መጠበቅ አላስፈለጋቸውም፤ ሄድኩ ግን። በአጥሩ ቀዳዳ ሳይ አክስቴ ከጓሮ አንሶላ ታጥባለች። ታጥባለች፣ ውኃውን ትደፋለች፣ እንደገና ታጥባለች። አንዴ ቀና ብላ ፊቷን በክንዷ ጠረገች። አንሶላ ለማጠብ ይህን ያህል መድከሟ ገረመኝ።

ወደ ቤት ስጠራ ወለተ ኪዳን ማድቤት ውስጥ ቁጭ ብላ ሳምቡሳ ትጠቀልል ነበር። በሕይወቷ ጠቅልላ አታውቅም። ቅንድቧ ላይ ዱቄት፣ ጉንጯ ላይ እንባ የደረቀበት መስመር ነበር፤ እኔ ግን ያየሁት ሳምቡሳዎቹን ነው። አንዱ እንደ ድንች ክብ ነው፣ አንዱ ጆሮ አውጥቷል። አክስቴ ከጓዳ ወደ ማድቤት እየተመላለሰች "ቶሎ በይ እህቴ፣ አባወራው ሊመጣ ነው፤ ገበታው ከጎደለ ይጠይቃል" ትላለች። አባቴ ሲገባ ተምሩም፣ ሾርባውም፣ ብርዙም እንደ ወትሮው ተደርድሮ ነበር። አንዱን ሳምቡሳ አንስቶ አገላብጦ አየው።

"ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?"

"ዘኪያን ምች መትቷት ተኝታለች። ሳጂዳ ናት የጠቀለለችው" አለች አክስቴ።

አባቴ ሳቀና ራሴን ዳበሰኝ። "ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ይላሉ፤ ይኼ እንኳ ለማፍጠሪያ ይበቃል" አለ። ባልሠራሁት ሥራ ተመሰገንኩ፣ ዝም ብዬም ተቀበልኩ። በዚያች ማታ አባቴ ልጅ እንደነበረውና እንዳጣው ሳያውቅ ራቱን በላ። ከአምስት ዓመት በፊት ሲሞትም አያውቅም ነበር።

ከሦስት ቀን በኋላ አክስቴ ሻንጣዋን ይዛ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ጉንደ ወይን ተነሳች። እኔ የምሥራቹን ለእናቴ ለመንገር ወደ ጓዳ ሮጥኩ። "እማ፣ ልጅቷን ልታመጣልን ሄደች!" እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሕመሟ የባሰባት መስሎኝ ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ሳብኩላት።

አክስቴ የተመለሰችው ለኢድ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው፤ ብቻዋን ነበረች። ለአዛን ጥቂት ደቂቃ ቀርቶ ሁላችንም ገበታው ዙሪያ ተቀምጠናል፤ እናቴም በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ተነስታ ግድግዳውን ተደግፋለች። አባቴ ተምሩን በእጁ እንደያዘ "እህስ?" አለ።

"አልሆነም" አለች አክስቴ። "ልጅቷን ለሌላ ሰጥተዋታል።"

አባቴ ተምሩን በጣቶቹ መሐል አንዴ አሽከረከረው። "ኸይር ነው" አለ። ቅር ይበለው ደስ ይበለው ፊቱ አይናገርም ነበር። እናቴ አልተንቀሳቀሰችም። እኔ ግን አልቻልኩም፤ በእንባ ፈነዳሁ።

"ታዲያ ሳህኑን ማን ሊያጥብልን ነው?"

ሁሉም ዞረው አዩኝ። ከዚያ እናቴ መሳቅ ጀመረች። በመጀመሪያ ትከሻዋ ብቻ ነበር የሚንቀጠቀጠው፤ ኋላ ድምፁ ወጣ፤ ኋላ ሳቁ የቱ ጋ አልቆ ለቅሶው የቱ ጋ እንደጀመረ ለማወቅ አስቸገረ። አክስቴ ተነስታ አጠገቧ ተቀመጠችና ጭንቅላቷን ወደ ትከሻዋ ሳበችው። እኔ በሳህን መቀለዳቸው አናዶኝ የባሰ አለቀስኩ። በዚህ መሐል አዛን አለ።

በዓመቱ አክስቴ የጉንደ ወይን ቤቷን ትታ እኛ ጋ ጠቅልላ ገባች። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም። እናቴ ስለጠፋው እርግዝና የነገረችኝ እኔ የመጀመሪያ ልጄን ሳረግዝ ነው። "ያኔ አላህ ነው የመለሰልኝ" ትለኛለች። "እትዬ ሰልማ ሊያመጧት ሄደው፣ አላህ ደግሞ ቀድሞ ለሌላ ሰጥቷት።" ይህን ስትል እጇን ወደ ላይ ትዘረጋለች፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ልጅ አልወለደችም፣ አባቴም ሌላ አላገባም።

ባለፈው ሸዋል፣ ኢድ ካለፈ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ደምበጫ ሁለቱን አሮጊቶች ልጠይቅ ሄድኩ። አክስቴ ሰማንያን ተሻግራለች፤ ስኳር ስላለባት ሐኪም ጾም ከልክሏታል፣ መድኃኒቷንም የማመጣላት እኔ ነኝ። እናቴ ጎረቤት ሄዳ ነበር። አክስቴ እጄን ይዛ ወደ ራሷ ሳበችኝ።

"ሳጂዳ፣ አንድ ቀን ጹሚልኝ።"

"የረመዳን ነው? ለእሱማ በጾሙ ፋንታ ምስኪን እናበላለን፣ ተነጋግረን የለ?"

"የረመዳን አይደለም። የውሸት ነው። በየዓመቱ አንድ ቀን እጾምለት ነበር፤ ዘንድሮ አቃተኝ።"

ከዚያ ነገረችኝ። ጉንደ ወይን ስትደርስ ልጅቷን ለማንም አልሰጧትም ነበር። ልብሷን አሰፍተው፣ ቤቱን አስለቅልቀው ነበር የጠበቋት። "እኔ ነኝ 'ይቅር' ያልኩት" አለች። "ለምን ቢሉኝ 'አልሆነም' ብቻ አልኳቸው። እናትየው እስከ መንገዱ ድረስ ተከትላ እየጮኸች ረገመችኝ። ከዚያ በኋላ ያ አገር ለእኔ አገር አልሆነም። ለአባትሽ ደግሞ አዛን ሊል ሲል፣ አፌ እህል ሳይነካ ዋሸሁት።"

"ለምን ተውሽው? ያን ያህል ደክመሽበት?"

ወደ በሩ አየች። "ያን ቀን ደሟ እየፈሰሰ፣ እጄን ይዛ ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? 'እትዬ፣ የጉንደ ወይኗ ስትመጣ ክፍሉን እኔ አጸዳላታለሁ፤ ብቻ ሳጂዳን ከእኔ አይለዩብኝ' አለችኝ። ባሌ ሌላ ሲያገባ ክፍሉን ያጸዳሁት እኔ ነበርኩ። አልጋውን ያነጠፍኩት እኔ ነበርኩ። እኔ ችዬዋለሁ፣ እሷም ትችለዋለች እያልኩ ነው የመጣሁት። አንሶላዋን ሳጥብ ነው የገባኝ። ለካ እኔም አልቻልኩትም ነበር።"

እጇን ሳምኩት። ልጅ ሆኜ ስለጠላኋት ጥላቻ ሁሉ በዚያች እጅ ላይ ይቅርታ መጠየቅ ፈለግሁ።

"ለእናትሽ እንዳትነግሪ" አለችኝ። "ይህን ሁሉ ዓመት አላህን ስታመሰግን ኖራለች። ምስጋናዋን ወደ እኔ አታዙሪብኝ።"

ሸኻችን ቢጠየቁ በሕይወት ላለ ሰው አይጾምለትም ይሉ ይሆናል። አልጠየቅናቸውም። በማግስቱ ማክሰኞ ጾምኩ። ማታ እናቴ ለአንድ ጾመኛ ብላ ተምሩንም፣ ሾርባውንም፣ ሳምቡሳውንም አሰናድታ አቀረበችልኝ። አክስቴ ጥግ ላይ ጋቢዋን ተከናንባ ተቀምጣለች።

"የምን ጾም ነው ደግሞ?" አለች እናቴ ሾርባውን እያስቀመጠች። "ከረመዳን የቀረብኝን ጨርሻለሁ ብለሽኝ አልነበረም?"

አክስቴ ከጋቢው ውስጥ አየችኝ። እናቴ መልሴን እየጠበቀች ነው፤ ፊቷ ላይ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያልጎደለ እርጋታ አለ።

"አንድ ቀን ቀርታብኝ ነበር፤ ረስቻት ነው" አልኳት።

አዛን ገና አላለም ነበር። ሐሙስ ደግሞ ለራሴ ውሸት ጾምኩ።